የሚጎላና የሚንቀሳቀስ ካርታ ዊኪፔዲያ ላይ እንዴት ይገባል?

ጥያቄ፦ «ስለ አንድ ብሔራዊ ፓርክ የዊኪፔዲያ መጣጥፍ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን የካርታ ምስል ነበር የምለጥፈው። አሁን አንባቢው ራሱ የሚያጎላውና የሚያንቀሳቅሰው ካርታ እንዲኖረው ፈለግኩ። ሞከርኩት፤ ሁለት ነገር እምቢ አለኝ። ምልክቱ ፓርኩ ላይ ሳይሆን ባሕር መሃል ወደቀ። የፓርኩ ወሰን ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ጓደኛዬ ‹ከጉግል ካርታ ቀድተህ አስገባና ተገላገል› ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ከሁለቱ ችግሮች ልጀምር። ሁለቱም የተለመዱ ናቸው፤ ሁለቱም ይስተካከላሉ።

ምልክቱ ባሕር የገባው ቁጥሮቹ ቦታ ስለተለዋወጡ ይመስለኛል። ስለ አንድ ቦታ ስንጽፍ ኬክሮስን እናስቀድማለን፤ ኬንትሮስ ይከተላል። ካርታው ላይ ነጥብና መስመር የምናስቀምጥበት ጂኦጄሰን የሚባለው አጻጻፍ ግን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። መጀመሪያ ኬንትሮስ፣ ከዚያ ኬክሮስ። የኤፍል ግንብን እንይ። ኬክሮሱ 48.8584፣ ኬንትሮሱ 2.2945 ነው። ይህንኑ በለመድነው ቅደም ተከተል ጂኦጄሰን ውስጥ ብንጽፈው ግንቡ ከፓሪስ ተነሥቶ ከሶማሊያ በስተምሥራቅ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያርፋል። ሁለቱም ቁጥሮች በየቦታቸው ተቀባይነት ያላቸው ስለሆኑ ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ቶሎ የማይነቃው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። የካርታው መሃል የት እንደሆነ የሚነገርበት ክፍል ኬክሮስንና ኬንትሮስን በየስማቸው ስለሚጠይቅ የቅደም ተከተል ጣጣ የለበትም። ስለዚህ ካርታው ራሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ተከፍቶ ምልክቱ ብቻ ሌላ አህጉር ሊሄድ ይችላል። ካርታው ተከፍቶ ምልክቱ ከጠፋብዎት መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ይህንን ይሁን። ምልክቱ ከምዕራብ አፍሪካ ወዲያ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ላይ ከወደቀ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ ቦታ ኬክሮስም ኬንትሮስም 0 የሆኑበት ነው። ቁጥሮችዎ አልተነበቡም ወይም ባዶ ቀርተዋል ማለት ነው።

የወሰኑ ጉዳይ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ምክንያቱም ችግሩ መጣጥፍዎ ውስጥ አይደለም ያለው።

ዊኪፔዲያ ላይ መስተጋብራዊ ካርታ የሚያሳየው ካርቶግራፈር የሚባል ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በዊኪቮያጅ የጉዞ መመሪያ ላይ ሥራ ጀመረ። በ2018 ደግሞ ለአብዛኞቹ የዊኪፔዲያ ቋንቋዎች ተዳረሰ። ሁለት ታጎች፣ ማለትም ገጹ ውስጥ የሚጻፉ የትእዛዝ ቃላት፣ አሉት። «ማፕፍሬም» ካርታውን በሳጥን ውስጥ ገጹ ላይ ያስቀምጠዋል። «ማፕሊንክ» ደግሞ ሊንክ ብቻ ያስቀምጣል፤ ሲጫኑት ካርታው በሙሉ ስክሪን ይከፈታል። ታጎቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እኔ እዚህ አነባበባቸውን ነው የጻፍኩት። ቪዥዋል ኤዲተር የሚባለውን፣ ገጹን እንደሚታየው አድርጎ የሚያሳርመውን መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ኮድ ሳይነኩም ከማስገቢያው ዝርዝር ውስጥ ካርታ የሚለውን መርጠው መጀመር ይችላሉ።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ካርታው መጣጥፉ ውስጥ አይኖርም። መጣጥፉ ጠሪ ብቻ ነው። የሚጠራው መረጃ የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ቤት አለው።

መንገዱ፣ ወንዙ፣ ከተማው፣ ድንበሩ፣ ከጀርባ የሚታየው ሁሉ የሚመጣው ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረና ማንም ሰው የሚያርመው የዓለም ካርታ ነው። የአንድ ቦታ መገኛ ነጥብ፣ ማለትም ኬክሮስና ኬንትሮሱ፣ ቤቱ ዊኪዳታ የሚባለው የዊኪፔዲያ እህት የመረጃ ቋት ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ውስጥ ሊገባ የማይገባው፣ ለምሳሌ የአንድ አሳሽ የጉዞ መስመር ወይም የአንድ ጦርነት የሠራዊት እንቅስቃሴ፣ ደግሞ ዊኪሚዲያ ኮመንስ በሚባለው የጋራ የምስልና የመረጃ ማከማቻ ውስጥ በመረጃ ገጽ መልክ ይቀመጣል። አዲስ ሰው ሲቸገር የማየው በአብዛኛው እነዚህን ሦስቱን ስለሚያደባልቅ ነው። ወሰኑን ነጥብ በነጥብ መጣጥፉ ውስጥ ይጽፋል። ከዚያ ወሰኑ ሲሻሻል ማንም አያርመውም፤ ሌላ ቋንቋ ላይ ያለው ተመሳሳይ መጣጥፍም አይጠቀምበትም።

አሁን ወደ ፓርክዎ እንመለስ። ካርቶግራፈር የአንድን ቦታ ቅርጽ የሚያገኘው በዊኪዳታ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ነገር ዊኪዳታ ላይ በላቲኑ ኪው ፊደል የሚጀምር ቁጥር አለው። የኤፍል ግንብ ለምሳሌ ኪው243 ነው። ካርታው ይህን ቁጥር ይዞ «ይህ ቁጥር የተለጠፈበት ቅርጽ አለ ወይ?» ብሎ የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ ይጠይቃል። ካለ ያመጣዋል። ከሌለ ዝም ይላል። ስለዚህ የእርስዎ ወሰን ያልታየበት ምክንያት ከሚከተሉት አንዱ ነው ብዬ አስባለሁ።

አንደኛው፣ ፓርኩ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ተስሏል፤ ግን የዊኪዳታ ቁጥሩ አልተለጠፈበትም። ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አካውንት ከፍተው ፓርኩን ይፈልጉ፤ ከተለጠፉበት መረጃዎች መካከል «ዊኪዳታ» የሚለውን ቁልፍ፣ ማለትም የመረጃውን መጠሪያ፣ ይዩ። ከሌለ ቁጥሩን ይጨምሩ። ሥራው የደቂቃዎች ነው። ሁለተኛው፣ ቅርጹ አለ፤ ግን አልተዘጋም። የትልቅ ፓርክ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ቁርጥራጭ መስመሮች የተገጣጠመ ነው። አንዷ ቁራጭ ከተሰረዘች ወይም ካልተገናኘች ዙሪያው ክፍት ይሆናል፤ ክፍት የሆነ ዙሪያ ደግሞ ቅርጽ ሆኖ አይወጣም። ሦስተኛው፣ የጠየቁት የአገልግሎት ዓይነት አይገጥምም። ለተዘጋ ቅርጽ «ጂኦሼፕ»፣ ለወንዝና ለመንገድ «ጂኦላይን» ነው የሚባለው። ወንዝን በጂኦሼፕ ቢጠሩት አይመጣም። አራተኛው፣ ሁሉንም በትክክል አድርገዋል፤ ግን ቸኩለዋል። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ የኦፕንስትሪትማፕን መረጃ በራሱ ሰርቨሮች ላይ ገልብጦ ነው የሚጠቀመው። ዛሬ ያረሙት ዛሬውኑ ላይታይ ይችላል። ቀናት ይጠብቁ። እስከዚያ መጣጥፉን ደጋግመው አይነካኩት፤ የሠራውን ያበላሻሉ።

አምስተኛው ቀላሉና የሚያሳዝነው ነው፦ ፓርኩ ጨርሶ አልተሳለም። ያኔ መሳል ያስፈልጋል። መሳል ደግሞ ወደ ጓደኛዎ ምክር ይወስደናል።

ጓደኛዎ ቅን አስበዋል፤ ግን ምክራቸውን አይከተሉ። ዊኪፔዲያ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ማንም ሰው ወስዶ፣ ቀይሮ፣ ከፈለገም ነግዶበት ሊጠቀምበት የሚችል መሆን አለበት። የጉግል ካርታ የቅጂ መብት አለበት፤ እንዲህ ያለ ፈቃድም አይሰጥም። ስክሪንሹት አንሥተው ኮመንስ ላይ ቢጭኑት ይሰረዛል። የጉግልን ካርታ እያዩ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ መሳልም ክልክል ነው። ይህንን ማኅበረሰቡ በጣም አጥብቆ ነው የሚይዘው። አንድ ሰው የቀዳው መስመር የሌሎቹን ሁሉ ሥራ የሕግ ጥያቄ ውስጥ ሊከት ይችላል። መሳል የሚቻለው ኦፕንስትሪትማፕ ራሱ እንድንጠቀምባቸው ከፈቀዳቸው የሳተላይት ምስሎች፣ ከራስዎ የጂፒኤስ መዝገብ፣ ወይም ባለቤቱ በነፃ ፈቃድ ከለቀቀው የወሰን መረጃ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለእኔ ከቅጂ መብቱ አያንስም። የውጭ ኩባንያ ካርታ ገጹ ላይ ቢሰካ፣ መጣጥፉን የከፈተ ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ሳያውቀው ወደዚያ ኩባንያ ሰርቨር ይደውላል። ማን ስለምን እንዳነበበ ለሦስተኛ ወገን ይደርሳል። ዊኪሚዲያ ካርታውን ከራሱ ሰርቨር የሚያቀርበው ለዚህም ነው። ስለ ሕመም፣ ስለ እምነት፣ ስለ ፖለቲካ የሚያነብ ሰው ማንም ሳይከተለው ማንበብ መቻል አለበት።

አሁን የቴክኒኩ ነገር ተስተካክሏል እንበል። ምልክቱ ቦታው ላይ ነው፤ ወሰኑም ይታያል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ጥሩ ካርታና ዝም ብሎ የገባ ካርታ የሚለዩት ከዚህ በኋላ ነው እላለሁ።

ገጹ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው ካርታ የቆመ ምስል ነው። አንባቢው ሲጫነው ነው ሰፍቶ ተከፍቶ መንቀሳቀስ የሚጀምረው። የማይጫነው አንባቢ ብዙ ነው። ገጹን በወረቀት የሚያትም አለ፤ ካርታውን የሚያንቀሳቅሰው የጃቫስክሪፕት ኮድ የማይሠራለት አለ። ስለዚህ ካርታውን ስታዘጋጁ ማንም እንደማይነካው አድርጋችሁ አዘጋጁት። ያ የመጀመሪያው ምስል ብቻውን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት። ፓርኩ የት አገር፣ የትኛው ከተማ አጠገብ ነው? ወይስ ውስጡ ምን ይመስላል? ሁለቱን በአንድ ምስል መመለስ አይቻልም።

ይህ ደግሞ የዙም፣ ማለትም የማጉያው ደረጃ፣ ጉዳይ ነው። ዙም ከ0 እስከ 19 ደረጃ አለው። በ0 ላይ መላው ዓለም 256 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ስፋት ባላት አንዲት ካሬ ውስጥ ይገባል። ደረጃው በአንድ ሲጨምር ሁሉም ነገር በእጥፍ ይጎላል። ለመረጣ የሚጠቅሙ ግምቶች ልስጥዎ። 300 ፒክስል ስፋት ያለው ሳጥን ምድር ወገብ አካባቢ በዙም 5 ወደ 1,470 ኪሎ ሜትር ያሳያል። በዙም 10 ወደ 46 ኪሎ ሜትር። በዙም 15 ደግሞ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ። ወደ ዋልታዎቹ በሄዱ ቁጥር ያው ሳጥን የሚሸፍነው ርቀት ይቀንሳል፤ 60 ዲግሪ ላይ በግማሽ ያንሳል። ስለዚህ 40 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ፓርክ በዙም 10 ሳጥኑን ይሞላዋል። ውስጡን ለማሳየት ከሆነ ጥሩ ነው። የት እንዳለ ለማሳየት ከሆነ ግን ምንም የሚታወቅ ስም አይታይም፤ ወደ 6 ወይም 7 ማውረድ ይሻላል።

ዙምና መሃል ካልሰጡት ሶፍትዌሩ ራሱ ቅርጹን ለክቶ ይመጥነዋል። መነሻ አድርገው ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ግን ሁልጊዜ አይመኑት። ለክቶ የሚመጥነው ቅርጹን እንጂ አንባቢው ማወቅ የሚፈልገውን አይደለም። ከማስቀመጥዎ በፊት ቅድመ እይታውን በስልክም ይዩት። በኮምፒውተር ያማረ ካርታ ስልክ ላይ ስሞቹ ተደራርበው ሊነበብ ላይችል ይችላል።

ነጥቡን የት እንደሚያስቀምጡም ያስቡ። የጨረቃ ቅርጽ ያለው ፓርክ ወይም ሐይቅ መሃሉ ብለው ያሰሉት ነጥብ ከቅርጹ ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ያኔ በእርግጥ ውስጡ የሆነ ቦታ ይምረጡ። ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ሲጻፍ ከአሥርዮሽ ነጥቡ በኋላ ስድስት ሰባት አኃዝ መደርደርም አያስፈልግም። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት አኃዝ ማለት ወደ 1.1 ኪሎ ሜትር፣ አራት አኃዝ ማለት ወደ 11 ሜትር ትክክለኛነት ነው። ለሐውልት አራት ወይም አምስት ይገባል። ለፓርክ ሁለት ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን የሌለንን እርግጠኝነት እንዳለን ማስመሰል ነው።

የራስዎን መስመር መጨመር ከፈለጉ፣ ለምሳሌ የእግር መንገድ ወይም የጥንት የንግድ መስመር፣ ኮመንስ ላይ የመረጃ ገጽ ይክፈቱ። ጂኦጄሰን ዶት አይኦ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፤ ካርታ ላይ በመዳፊት ሲስሉ ጽሑፉን እሱ ያወጣልዎታል። በእጅ ከመጻፍ በጣም ይሻላል። አንዲት የተረፈች ነጠላ ሰረዝ መላውን ካርታ ታቆማለች። የተዘጋ ቅርጽ ሲሆን የመጨረሻው ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር አንድ መሆን አለበት። ገጹ ርዕስ፣ ምንጭና የፈቃድ ዓይነት ይጠይቃል። ፈቃዱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ ምንጩ እንዲጠቀስና ከእሱ የወጣ የመረጃ ቋትም በዚያው ፈቃድ እንዲለቀቅ የሚያስገድድ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ከእሱ የገለበጡትን መስመር «ያለ ምንም ገደብ» በሚለው ሲሲ ዜሮ ፈቃድ መልቀቅ አይችሉም። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ያለ ነገር ከሆነ ደግሞ መገልበጥም አያስፈልግም፤ በዊኪዳታ ቁጥሩ ይጥሩት።

ፓርኩ ውስጥ ያሉ ብዙ ቦታዎችን የሚዘረዝሩ ከሆነ ደግሞ በጣም የምወደው አሠራር አለ። ለእያንዳንዱ ቦታ አጠገቡ ማፕሊንክ ያስቀምጡና ሁሉንም በአንድ የቡድን ስም ያስሯቸው። ላይኛው ማፕፍሬም ያንን ቡድን እንዲያሳይ ይንገሩት። ቁጥራቸውም በራሱ ጊዜ ይሰጣል። ዝርዝሩ ላይ 4 ያለው ፏፏቴ ካርታውም ላይ 4 ነው። አንባቢው ከጽሑፉ ወደ ካርታው፣ ከካርታው ወደ ጽሑፉ ይመላለሳል። አዲስ ቦታ መሃል ላይ ሲገባ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይስተካከላሉ። የምልክቶቹን ቀለም ግን ቀይና አረንጓዴ ብቻ አድርገው አይለዩ፤ ሁለቱን መለየት የሚቸገሩ ሰዎች አሉ። ቅርጽ ወይም ቁጥር ይጨምሩበት። ማየት ለማይችል አንባቢ ደግሞ ካርታው የሚለው ነገር በጽሑፉም መነገር አለበት።

መስተጋብራዊ ካርታ የማይሆንበት ቦታም አለ። ከጀርባ ያለው ካርታ የዛሬው ዓለም ነው። ከ500 ዓመት በፊት ስለነበረ መንግሥት ሲጽፉ ከሥሩ የዛሬ አውራ ጎዳናና የዛሬ ድንበር ይታያል። አንባቢው ሳያስበው ሁለቱን ዘመን ያደባልቃል። ለዚያ በጥንቃቄ የተሳለ የቆመ ካርታ ይሻላል። የአገሮችን ስፋት ለማወዳደርም አይሆንም። የሚጠቀምበት ዌብ መርካቶር የሚባል አሳሳል ወደ ዋልታ የቀረበውን ይለጥጣል። ግሪንላንድ የአፍሪካን ያህል ገዝፋ ትታያለች፤ አፍሪካ ግን 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ከ85 ዲግሪ ትንሽ ካለፈ በኋላ ያለው ዋልታ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ፓርክዎ አወዛጋቢ ድንበር አጠገብ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ድንበር የሚሳለው በአብዛኛው መሬት ላይ ማን እንደሚያስተዳድር ታይቶ ነው። ያ አንድ አሠራር ነው፤ ፍርድ አይደለም። አንባቢው ግን መስመሩን እንደ ፍርድ ሊያነበው ይችላል። ከካርታው ሥር ባለው መግለጫ ድንበሩ አከራካሪ መሆኑን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹ። መስመሩን ለማስተካከል ብለው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የአርትዖት ጦርነት ውስጥ አይግቡ።

ፓርክ ስለሆነ ደግሞ ይህንን ሳልል አላልፍም። የብርቅዬ እንስሳ መራቢያ፣ የአንድ ብርቅዬ ተክል መገኛ፣ ገና ያልተቆፈረ የጥንት መቃብር፣ እነዚህን በትክክለኛ ነጥብ አያስቀምጡ። ምንጩ ላይ ቢገኝ እንኳን። አዳኝና ዘራፊም ያነባል። «በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል» ማለት ለኢንሳይክሎፒዲያ አንባቢ በቂ ነው።

የቀረው የስሞቹ ቋንቋ ነው። ካርታው እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የቦታ ስሞችን በአንባቢው ቋንቋ ማሳየት ይችላል። የሚያሳየው ግን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ በዚያ ቋንቋ ስም ከተመዘገበ ነው። ካልተመዘገበ በሌላ ቋንቋ ወይም በአካባቢው አጻጻፍ ይወጣል። አማርኛ መጣጥፍ ላይ ያለ ካርታ በላቲን ፊደል ተሞልቶ ካዩት ምክንያቱ ይኸው ነው። የፓርኩን ወሰን ለማስተካከል ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ሲገቡ የፓርኩን፣ የወንዞቹንና የተራሮቹን የአማርኛ ስም በአማርኛው የስም ቁልፍ አብረው ይጨምሩ። ቁልፉ «ኔም» የሚለው ቃል፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያም የአማርኛ መለያ የሆኑት «ኤ» እና «ኤም» ፊደላት ናቸው፤ ሁሉም በላቲን ይጻፋል። ስሙ ሰው በእርግጥ የሚጠራበት ይሁን። የአማርኛ ስም የሌለውን ቦታ ከእንግሊዝኛው ተርጉመው አይሰይሙ፤ ባዶውን ይተዉት።